አገር ቤት ከርሞ ለንደን ለተመለሰ ባለመኪና፦ የዲቪኤልኤ የታክስ እድሳት አገልግሎት ምን ያህል ያዋጣል?

አንድና ሁለት ዓመት አገር ቤት ቆይቶ ለተመለሰ ሰው፣ ቆሞ የከረመ መኪና ታክስ ማሳደሱ ራሱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የእንግሊዝ የመንጃና የተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ዲቪኤልኤ፣ በዚህ በኩል ምስጋና ይገባዋል። ወረፋ የለም፣ ሌሊትም ይሠራል፤ እንደ ቦሎ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2014 ወዲህ ቀርቷል። ሰው የሚጉላላው ከታክሱ በፊት ባሉት ነገሮች፣ ያውም ቅደም ተከተላቸውን ሲያዛባ ነው። መጀመሪያ ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ ኤምኦቲ የሚባለው ዓመታዊ ምርመራ፣ በመጨረሻ ታክስ። በቀጥታ ወደ ታክሱ የሄደ ሰው ኤምኦቲ የለም ተብሎ ይመለሳል። ኢንሹራንስ ሳይገባ ወደ ኤምኦቲ የነዳ ደግሞ መንገድ ላይ ከተያዘ 300 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ 6 የቅጣት ነጥብ ይጠብቀዋል፤ መኪናውንም ፖሊስ ሊወስደው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን የመኪናው ጉዳይ የት እንደደረሰ ይወቁ። የታርጋ ቁጥሩን በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ ታክሱና ኤምኦቲው መቼ እንዳለቁ፣ ሶርን ውስጥ መሆን አለመሆኑ በነፃ ይታያል። ሶርን ማለት "መኪናዬ ከመንገድ ወጥቷል" ብሎ ማሳወቅ ነው። ክፍያ የለውም፤ ከ2013 መጨረሻ ወዲህም በየዓመቱ ማሳደስ አያስፈልግም። ከመሄዱ በፊት ሶርን ያስገባ ሰው ዕዳ የለበትም። ያላስገባ ግን መኪናው ንቅንቅ ሳይል ቅጣት ይቆጥርበታል፦ ለታክሱ 80 ፓውንድ (በ33 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 40)፣ ለኢንሹራንሱ ደግሞ 100 ፓውንድ። የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመትም እዚህ ላይ ነው። ማስታወሻውም የቅጣቱ ደብዳቤም በፖስታ የሚላከው መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ቤት ለቆ ለሄደ ሰው ደብዳቤው ሌላ ሰው በር ላይ ይከማቻል፤ ባለመኪናው ጉዳዩን የሚሰማው ዕዳ ሰብሳቢ ሲመጣ ነው። ስለዚህ በአሮጌው አድራሻ የተጠራቀመውን ፖስታ መጠየቅ ከኢንሹራንስም ይቀድማል።

ቀጥሎ ሎግ ቡኩ፣ ማለትም ቪ5ሲ የተባለው የመኪናው ሊብሬ ነው። ታክሱን ለመክፈል ፊቱ ላይ ያለው ባለ 11 አኃዝ ቁጥር ይጠየቃል፤ በፖስታ የመጣ ማስታወሻ ካለ በእሱ ላይ ያለው ባለ 16 አኃዝም ይሠራል። ሁለቱም ከሌሉ ምትክ ማውጣት ነው፤ ዋጋው 25 ፓውንድ። ስምና አድራሻ ካልተቀየረ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ያልቃል። አድራሻ ከተቀየረ ግን ቪ62 የሚባል ቅጽ ሞልቶ መላክ ያስፈልጋል፤ ሳምንታት ይወስዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መውጫ አለ። የመኪና ታክስ የሚሠራ ፖስታ ቤት ሄደው ቪ62ውን አስገብተው በዚያው ታክሱንም መክፈል ይችላሉ። ሁሉም ፖስታ ቤት ይህን አይሠራምና ከመሄድዎ በፊት ያጣሩ።

ኢንሹራንስ ላይ የሚያስደነግጠው ዋጋው ነው። ያለ አደጋ በመንዳት የተጠራቀመውን ቅናሽ አብዛኞቹ ኩባንያዎች የሚቀበሉት ከሁለት ዓመት በላይ ሳይሠራበት ካልቀረ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት የቀሩት ሰው መኪናው ባይደርስለት እንኳ ኢንሹራንስ ሳይገባ ይህን ቀን አያሳልፍ። የመንጃ ፈቃዱ ካርድም በየ10 ዓመቱ ስለሚታደስ ጀርባውን ሳይሆን ፊቱን፣ 4b የተባለውን ቀን፣ አብረው ይመልከቱ።

አሁን ወደ ኤምኦቲው። ለመኪና ጋራዥ ሊያስከፍል የሚችለው ከፍተኛው 54.85 ፓውንድ ነው። ቀጠሮ እስከተያዘ ድረስ፣ ኢንሹራንስም ካለ፣ ታክስ የሌለውን ወይም ሶርን ውስጥ ያለውን መኪና ወደ ጋራዡ መንዳት ሕጋዊ ነው። የቀጠሮውን መልእክት ስልክዎ ላይ ይያዙ። ቆሞ የከረመ መኪና የሚወድቀው ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ በእነዚሁ ነገሮች ነው። ፍሬን ዲስኩ ዝጎ ሸራው በእኩል አይነክስም፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ የኋላ ጎማ አልላቀቅ ይላል። ጎማው ከጥርሱ ይልቅ ጎኑ ይሰነጠቃል። ዕድሜውን ለማወቅ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። የጥርሱ ጥልቀት ደግሞ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ ይደርቃል። የሞተው ባትሪ ተቀይሮም የኤርባግ ወይም የኤቢኤስ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ከቀረ ይጥላል። ከቀጠሮው በፊት ጎማውን ነፍቶ፣ ባትሪውን ቻርጅ አድርጎ፣ ሞተሩን አሙቆ፣ በግል ግቢ ውስጥ ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ ግማሹን ችግር ያቀላል። ፍሬኑ ተይዞ ካገኙት ግን በኃይል ለማላቀቅ ማርሽ አስገብተው አይጎትቱት፤ መካኒክ ይምጣ። ከወደቀ መኪናውን እዚያው ጋራዥ ይተዉት፤ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ከተጠገነ ድጋሚ ምርመራው በነፃ ነው። "አደገኛ" የሚል ውጤት ያለበትን መኪና ደግሞ መንዳት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ሲያልፍ ታክሱን እዚያው ጋራዡ ውስጥ ቆመው በስልክዎ ይክፈሉ፤ ሶርኑም በራሱ ይነሣል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ታክስ የሚቆጠረው ከወሩ መጀመሪያ ነው። በ28ኛው ቀን የከፈለ ሰው ላልነዳበት ወር ከፍሏል፤ መኪናው ሶርን ውስጥ ካለ ኤምኦቲውን በወሩ የመጀመሪያ ቀናት መቅጠር ያዋጣል። ከኤፕሪል 2017 ወዲህ ለተመዘገቡ መኪኖች እስከ ማርች 2026 ድረስ የዓመቱ መደበኛ ክፍያ 195 ፓውንድ ነበር፤ በየወሩ ከባንክ ሲቆረጥ ግን 204.75 ይደርስ ነበር። በየወሩ የሚቆረጠው ባንኩ ውስጥ ገንዘብ ካጣ ታክሱ ሊሰረዝ ይችላል። ተመልሶ የሚሄድ ሰው በአንድ ጊዜ ቢከፍል ይሻለዋል፤ ሶርን ሲያስገባ የቀሩት ሙሉ ወራት ገንዘብ ይመለስለታል።

ከኦገስት 29፣ 2023 በፊት የሄደ ሰው ሌላም ነገር ይጠብቀዋል። ዩሌዝ፣ ማለትም አየር የሚበክሉ መኪኖች የሚከፍሉበት ቀጠና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መላውን ለንደን ሸፍኗል። በአብዛኛው ከ2006 በፊት የተመዘገበ ቤንዚን ወይም ከሴፕቴምበር 2015 በፊት የተመዘገበ ናፍጣ መኪና በተነዳ ቁጥር በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ቆሞ ሳለ አይከፍልም። ለአሮጌ ናፍጣ መኪና ጎማና ፍሬን ከመግዛትዎ በፊት ታርጋውን የለንደን ትራንስፖርት ድረ ገጽ ላይ ይመልከቱ፤ መሸጡ ሊሻል ይችላል።

ከአምስት ኮከብ ለኢንተርኔቱ አራት፣ በፖስታ ለሚሠራው ሁለት። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚወጡት፣ የመንግሥት የሚመስሉና ተጨማሪ የሚያስከፍሉ የግል ድረ ገጾች ውስጥ ላለመግባት አድራሻው በጎቭ ነጥብ ዩኬ ማለቁን አይተው ይጀምሩ።