ሴካፋን በጎንደር ኳስ ማሳያ ቤቶች ማየት፦ የቱ ቤት ይሻላል?

የከተማችን ኳስ ማሳያ ቤቶች የተሰናዱት ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ቅዳሜ ማታ ፒያሳም ግቡ ማራኪ ሰፈር፣ ምስሉ ጥርት ያለ፣ ድምፁም የሞላ ነው። ሴካፋ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች ዋንጫ፣ ሲመጣ ግን ያው ቤት ያው አይሆንም።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ብርሃን ነው። የምድብ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ ቀን ላይ ይውላሉ። ወደ አሥር ሰዓት ፀሐይ በምዕራብ በኩል በበር ስትገባ የፕሮጀክተሩ ምስል ይነጣል፤ ኳሷ ከነጭ ማልያ አትለይም። ስስ መጋረጃ አያድንም፣ ድርብና ጥቁር ያስፈልጋል። ለቀን ጨዋታ ስክሪኑ ትንሽ ቢሆንም ቲቪ ያለበትን ቤት ምረጡ።

ጨዋታው በዲሽ ካልተላለፈ ከዩቲዩብ ይወጣል፤ ብዙ ቤት የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ታይፕ ሲ ካላቸው ስልኮች አንዳንዶቹ በኬብል ምስል ስለማያወጡ ቲቪው «ሲግናል የለም» ብሎ ይቀራል። ኤችዲኤምአይ ያለው ላፕቶፕ ይበጃል። ጥራቱን 480 ላይ ማሰር ነው፤ ሙሉ ጨዋታ 1 ጊጋባይት አካባቢ ይበላል፣ 720 ከእጥፍ በላይ ይወስዳል። ሆትስፖት የሚሰጠው ስልክ ደግሞ ሲደወልበት ዳታው ሊቆም ይችላል፣ ሌላ ሲም ይሁን። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ቶሎ ቢነሳም ዋይፋዩና ዲኮደሩ እስኪመለሱ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ለእነሱ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ያስገባ ቤት ጎል አያስመልጥም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን ዋልያዎቹ ሲሸነፉ ሪሞት አንስቶ ወደ ሌላ ቻናል መዝለል ነው። በ2008 ዓ.ም. አስተናጋጇ ኢትዮጵያ በምድቧ ሦስተኛ ነበረች። አሥራ ሁለት ቡድን በሦስት ምድብ ሲከፈል ሁለት ምርጥ ሦስተኞች ያልፋሉና ሩብ ፍጻሜ ገባች፤ ታንዛኒያን በፍጹም ቅጣት ምት ጥላ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፣ በመጨረሻም ሦስተኛ ሆና ጨረሰች። ስለዚህ በመጨረሻው የምድብ ቀን በሌላ ምድብ ያሉ የሱዳንና የጅቡቲ ጎልም የእኛ ጉዳይ ነው። ይህ ዋንጫ በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. አገራችን ያነሳችው ነው፤ በምድብ ጨዋታ መሃል ቻናል መቀየር አይገባውም።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የሌሎቹን ምድብ ጨዋታ ታሳያላችሁ?» «እናያለን» ካሏችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።