ባትሪው ተገልብጦ ቢገባስ? ዳዮድ ወይስ ሞስፌት

ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ የተቀያየረበት ባትሪ ቦርድ ለማቃጠል ጊዜ አይፈጅበትም። በተለይ 18650 የሚባለው ሊቲየም ብዙ አምፔር ስለሚለቅ፣ ነቅላችሁ እስክታወጡት አይሲው (ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ) ያበቃለታል። መከላከያው ግን ርካሽ ነው። ጥያቄው ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ይሻላል ወይስ በቮልቴጅ የሚከፈትና የሚዘጋው ሞስፌት ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ዳዮድ ስትሉ ቶሎ የሚሰጣችሁ 1ኤን4007 ነው። ከፖዘቲቩ ሽቦ ጋር በተከታታይ ይበየዳል፣ ነጩ ቀለበት ወደ ቦርዱ ይዙር። 1 አምፔር ይችላል። ግን ከ0.7 እስከ 1 ቮልት ይበላባችኋል። ለ12 ቮልት መብራት ግድ የለም። በ3.7 ቮልት ሊቲየም ላይ ግን የሚተርፋችሁ 3 ቮልት ነው፤ 3.3 ቮልት የሚፈልግ ቦርድ በዚህ አይረካም።

ሾትኪ የሚባለው የዳዮድ ዓይነት፣ 1ኤን5819፣ በትንሽ ከረንት 0.3 ቮልት አካባቢ ብቻ ይወስዳል። እዚህ ጋ የድሬን ሙቀት አስቡት። ሾትኪ አግዶም ቢሆን ትንሽ ከረንት ያሾልካል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። የአምራቾቹ ወረቀት በ25 ዲግሪ ቢበዛ 1 ሚሊአምፔር፣ በ100 ዲግሪ እስከ 10 ይላል፤ ያውም በ40 ቮልት። ቦርዱ ላይ አደጋ ባያደርስም፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሚሰቀል ሳጥን ግን ይታሰብበት።

ለሊቲየም እኔ የምመርጠው ፒ-ቻናል ሞስፌት ነው፤ ለምሳሌ ኤኦ3401። በ1 አምፔር የሚያጠፋው ከ0.1 ቮልት በታች ነው። አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሦስቱ እግሮቹ ድሬኑ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሶርሱ ወደ ቦርዱ፣ ጌቱ (የሚከፍተው እግር) ወደ ኔጌቲቭ ነው። እንደ ተራ ማብሪያ ሶርሱን ወደ ባትሪ ካደረጋችሁት፣ ውስጡ ያለው ዳዮድ ተገልብጦ የገባውን ባትሪ ያሳልፈዋል። ያኔ መከላከያ የሚባል ነገር የለም።

የዚህ ሞስፌት ጌት ከ12 ቮልት በላይ አይችልም። የመኪና ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ፣ ወይ ቮልቴጅ የሚገድበውን ዜነር ዳዮድና ሪዚስተር ጨምሩለት ወይ ጌቱ 20 ቮልት የሚችል ግዙ። ትልቁን አይአርኤፍ9540 ግን ለሊቲየም አትግዙት፤ በደንብ የሚከፈተው ጌቱ 10 ቮልት ሲያገኝ ነው።

ሶላር ላላችሁ፦ የተከፈተ ሞስፌት ከረንቱ ወደ ኋላ ሲመለስ አያግድም። ማታ ባትሪው በፓኔሉ በኩል እንዳይፈስ ከፓኔሉ ጋር ዳዮድ ያስፈልጋል።

ብዙ አምፔር ለሚጎትት የመኪና ባትሪ ሥራ ፊውዝና ከኋላው ጠንካራ ዳዮድ፣ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መሃል ተገልብጦ የተበየደ፣ ይበቃል። ባትሪው ሲገለበጥ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ትቀይሩታላችሁ።

ድሬ ላይ ከታይዋን ገበያም ሆነ ከከዚራ ሰፈር ስትገዙ መልቲሜትር ያዙ። በዳዮድ መለኪያው 0.2 አካባቢ ካሳየ ሾትኪ ነው። 0.6 አካባቢ ካሳየ ተራ ዳዮድ ስለሆነ፣ በሾትኪ ዋጋ እንዳትከፍሉበት።