«ታድሷል» የተባለ አሮጌ ኮምፒውተር ሳታስከፍቱ እንዳትገዙ

ድሬዎች፣ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በተለይ «ሙሉ በሙሉ ታድሷል፣ አፕግሬድ ተደርጓል» የተባለ ኮሞዶር 64 ከቀረበላችሁ። እኔ 22,000 ብር ከፍዬ የወሰድኩት ማሽን ቤቴ ገብቶ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሠራም። ሻጩ ዘንድ ሌሎች ሁለት አሉ። ቀለማቸውም እንደኔው አዲስ ነው።

ለማታውቁት፣ ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ ማሽን ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ኪቦርዱ ውስጥ ነው። ስሙን ያገኘው ከሜሞሪው ነው፤ 64 ኪሎባይት። በዛሬ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ አይዝም። ግን ከፍታችሁ የትኛው አይሲ (ቦርዱ ላይ ያለ ጥቁር ቺፕ) ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ ማየት ትችላላችሁ። እንዲህ የሚያስተምር ሌላ ዕቃ አላገኘሁም።

ከሻጩ ጋር ያገናኘኝ ደላላ ነው። ታይዋን ገበያ አጠገብ ሻይ ጠጥተን ወደ ቤቱ ሄድን። ሲያበራው ሰማያዊው ስክሪን መጣ፤ 38911 የሚለው ቁጥርም ሙሉውን ታየ። ማሽኑ ሲነሳ ሜሞሪውን ፈትሾ ነው ያንን ቁጥር የሚያወጣው። ቁጥሩ ካነሰ ሜሞሪው ችግር አለበት። እኔም ይህን ስለማውቅ ልቤ አረፈ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋው። «አቦ፣ መብራት ሳይሄድብን እንጨርስ» አለኝ። ቀብዱን አስቀድሜ ሰጥቼ ስለነበር ቀሪውን ከፈልኩ።

ቤት ስደርስ ጨዋታ ጫንኩ። ድምፅ የለም። ገመዱ ነው ብዬ ነካካሁት፣ ለውጥ የለም። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ፊደሎቹ ተዘበራረቁ፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

ካቻቢቴ ይዤ ገለበጥኩት። ከታች ሦስት ብሎኖች አሉ። የብሎኖቹ መስቀለኛ ቀዳዳ በስፕሬይ ቀለም ተደፍኗል። ካቻቢቴው አልገባም፣ በመርፌ ጠርጌ ነው የፈታሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ያንን ማሽን የከፈተው ሰው የለም። ውስጡማ ተዉት። አቧራው እንደ ጨርቅ ተነጥፏል። «በሙሉ ተቀይሯል» የተባለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ) ሁሉ የጥንቱ ነው፣ አዲስ ስታኞ የነካው ቦታ የለም። የድምፁ አይሲ፣ ሲድ የሚባለው፣ ቦታው ላይ የለም። ባዶ ሶኬት ነው የቀረው።

ሲድ ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ የሚያወጣ ቺፕ ነው። መመረቱ ካቆመ ቆይቷል፣ ፈላጊው ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ነቅለው ለብቻው ይሸጡታል። ማሽኑ ያለ እሱም ሰማያዊውን ስክሪን ያመጣል። ሻጩ ሲያሳየኝ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶት እንደነበር ያስታወስኩት ያኔ ነው።

ቀለሙም ቢሆን እድሳት አይባልም። ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ሥራ ደግሞ የድሬን ፀሐይ የሚያህል የለም። ስፕሬይ ግን ይሸፍናል እንጂ አያክምም።

ማሽኑን የገደለው አዳፕተሩ ነው። ኦሪጅናሉ የኮሞዶር 64 አዳፕተር ጡብ የሚያህል ከባድ ነገር ነው፣ ውስጡ በደረቅ ሙጫ ተሞልቷል። አይከፈትም፣ ሙቀቱም አይወጣለትም። ሁለት ኃይል ይሰጣል፤ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ። ሲያረጅ በተለይ ሲሞቅ 5 ቮልቱ ከልክ በላይ ይወጣል፣ መጀመሪያ የሚቃጠለውም ሜሞሪው ነው። እኔ ሥራ ላይ እንዳለ ኃይል እንዲስብ የባጃጅ አምፖል አስሬበት በቴስተር ለካሁት። ሲጀምር 5.1 ነበር። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ 6.9 ደረሰ። ከ5.25 ማለፍ የለበትም። ከዚያ ማሽኑን በጤነኛ አዳፕተር አብርቼ ስምንቱን የሜሞሪ አይሲዎች በጣቴ ነካኋቸው። ሁለቱ እንደ ምጣድ ያቃጥላሉ።

ተመልሼ ሄጄ ነገርኩት። «ስትወስደው ይሠራ ነበር» አለ። አዎ፣ አዳፕተሩ ሳይሞቅ ሠርቷል። የተጻፈ ስምምነት ስላልነበረን ብሩን አላስመለስኩም።

ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ ፊታችሁ ያስከፍቱት። «ዋስትናው ይበላሻል» ቢሏችሁ አትስሙ፤ የአርባ ዓመት ዕቃ ምን ዋስትና አለው? የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ጨዋታ አስጭኑ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይብራ። አብሮት የመጣውን አሮጌ አዳፕተር ግን ቮልቱን ሳትለኩ በፍጹም አትሰኩት። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ የ120 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ፤ የኛ መብራት 220 ነው። «አፕግሬድ» የሚሉት፣ በዲስክ ድራይቩ ፈንታ የሚሰካው የኤስዲ ካርድ ማንበቢያም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሁሉንም ጨዋታ አይጭንም። በዲስክ ድራይቩ የራሱ ፕሮሰሰር ላይ የሚተማመኑ ጨዋታዎች እምቢ ይላሉ። ሁሉንም ይጭናል ካሏችሁ ተጠንቀቁ።

ከሐረር የደወለልኝ ልጅ ደግሞ እኔ የገዛሁበት ሰው ዘንድ አሚጋ 500 የሚባለውን ሌላ የኮሞዶር ኮምፒውተር አይቷል፣ «ሜሞሪው አድጓል» ብለውታል። የአሚጋ ተጨማሪ ሜሞሪ ሆዱ ላይ ባለች ክዳን በኩል የሚገባ ካርድ ነው። ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ ለሰዓቱ የሚሆን ትንሽ ባትሪ አለ። ባትሪው ሲያረጅ ያፈሳል፣ የቦርዱንም መዳብ ይበላል። ክዳኗን ከፍቶ በስልኩ መብራት እንዲያይ ነግሬዋለሁ። አረንጓዴ ዝገት ካለ ጥሎ ይምጣ። ቀድሞ የገዛ ሰው ካለ ግን ባትሪውን ቆርጦ ያውጣ፤ የፈሰሰውን በትንሽ ኮምጣጤ ከጠረገ በኋላ በአልኮል ያጽዳው።

የኔን ሜሞሪ አዝዣለሁ፣ ሲመጣ እቀይረዋለሁ። ሳቢያን፣ ከዚራም ሆነ መጋላ ሆናችሁ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጻፉልኝ። ቴስተሬንና አምፖሌን ይዤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።