«ዛሬ አይገባም» ያለችኝ የዋና አሰልጣኝ

ይህን ምስጋና ልጁ ሲተኛ እጽፋለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ዛሬ ተኝቷል። ሻንጣዬን ገና አልሸከፍኩም፤ እሱ ይቆየኝና ልጻፍ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጄ 8 ወሩ ነው። ጀርመን አገር ሕፃን አንገቱን ሲችል ዋና ይወሰዳል። «ቤቢሽቪመን» ይሉታል። ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም «እስካሁን አልጀመራችሁም?» ሲለኝ እኔም ጀመርኩ። ውሃው ሞቃት፣ አዳራሹ ሞቃት፣ አስተማሪዋም ደግ። ግን እናቶቹ ክብ ሠርተው ለልጆቻቸው ሲዘፍኑ እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። የልጅነት ዘፈናቸውን ከየት ላምጣው? ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበር። እኔ ራሴ ዋና አልችልም። አራት ኪሎ ያደግኩ ልጅ፣ ማን ዋና ወስዶኝ! ስለዚህ ልጄን እንደ እንቁላል ጨብጬ፣ የገንዳውን ጥግ ይዤ ቆሜ እመለስ ነበር።

ጥቅምት ላይ ለእረፍት እናቴ ጋ ስመጣ፣ ልጁ እንዳያቋርጥ ብዬ ገንዳ ፍለጋ ጀመርኩ። እናቴ ሰማች።

«በጥቅምት? ልጁን ብርድ ልታስመቺው ነው?»

እውነቷን ነው፤ ጥቅምት እኛ ቤት የአጥንት ሾርባ ወር ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ መሰከረላት። ጣቴን ባስገባ ውሃው በረዶ። እዚያ ያገኘሁት ሰውዬ «ዝም ብለሽ ልቀቂው፣ ራሱ ይንሳፈፋል» አለኝ። ፎጣዬን ከቦርሳ ሳላወጣ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ፍልውሃ አካባቢ ያለ ሆቴል ነው። ገንዳው ከመሬት በሚወጣው ፍል ውሃ ይሞላል። ይህን ስነግራት እናቴ ለዘብ አለች። «ፍልውሃማ ከሆነ እናንተንስ የት ነበር የማጥባችሁ?» እሷ እንደሆነች ፍልውሃን የሚያህል ነገር የለም ባይ ናት። እቴጌ ጣይቱም ቢሆኑ ከእንጦጦ ወርደው ይህችን ከተማ አዲስ አበባ ያሏት ይሄው ውሃ ስቧቸው አይደል? ጋቢዋን ደርባ አብራን ወጣች።

አሰልጣኟ የመጀመሪያ ቀን ልጁን አልነካችውም። «ለእማማ ስጪያቸውና አንቺ ግቢ» አለችኝ። እኔ? አዎ፣ እኔ። ሁለት እጄን ይዛ ውሃው ትከሻዬ ላይ እስኪደርስ ዝቅ አደረገችኝ። ቀጥ ብዬ ከቆምኩ ልጁም ከወገቡ በላይ ውጭ ቀርቶ እንደሚበርደው፣ ፊቴንም ቀና ብሎ ካልፈለገ እንደማያየው ነገረችኝ። ከዚያ አፌን ውሃ ውስጥ ከትቼ አረፋ እንዳወጣ አደረገችኝ። 33 ዓመቴ ነው። እናቴ ከዳር ሆና ሳቀችብኝ።

ልጁ የገባው በሁለተኛው ቀን ነው። ማታ ሳጥበው ብብቱ ላይ የጣቶቼን ምልክት አየሁ። ለካ እንደዚያ ነው ጨምድጄ የምይዘው። ለአሰልጣኟ ስነግራት አልገረማትም። አገጩን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ፣ መዳፌን ከደረቱ ስር ብቻ አድርጌ እንድይዘው አሳየችኝ። «ምን ልዝፈንለት?» አልኳት። «ቤት ስታስተኚው የምትይውን በይው» አለችኝ። እሹሩሩ ማለት ጀመርኩ። እናቴ ከዳር ተቀበለችኝ። ፍራንክፈርት ላይ አንድም ቀን እንደዚያ ድምፄን አውጥቼ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ብብቱ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ይህችን ልጅ የምጠቁማችሁ እምቢ ማለት ስለምትችል ነው።

ኢንተርኔት ላይ ሕፃናት ውሃ ውስጥ ጠልቀው ዓይናቸውን ገልጠው የሚያሳይ ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። እኔም ለአባቱ የምልክለት አማረኝ። «አንዴ ብቻ አጥልቂውና ልቅረጸው» አልኳት። እምቢ አለች። ሕፃን ፊቱ ውሃ ሲነካ ትንፋሹን የሚይዘው ተፈጥሮው ሆኖ ነው እንጂ ዋና ስላወቀ አይደለም። ያም ሆኖ ውሃ ይውጣል። ደጋግሞ ብዙ ከዋጠ ደግሞ የደሙ ጨው ይቀጥናል፤ ይህ ለትንሽ ሰውነት አደገኛ ነው። ቤት ገብቼ ሳነብ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም የዋና ትምህርት የመስጠምን አደጋ ሊቀንስ የሚችለው ከ1 ዓመት በኋላ መሆኑን፣ ከዚያ በታች ላሉት ግን ማስረጃ አለመኖሩን ጽፏል። እሷም ከመጀመሪያው «ይዋኛል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ ውሃ ይለምዳል» ብላኝ ነበር።

ሌላ ቀን በዚያ የትራፊክ መጨናነቅ ደርሰን ልብሱን እያወለቅኩ ልጁ ሁለቴ አሳለ። አየችውና «ዛሬ አይገባም» አለች። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ለራይድ ከፍዬ፣ እናቴን አስነስቼ! የዚያን ቀን ሒሳብ አልተቀበለችኝም። ሌሊቱን አተኮሰው።

ለምትሄዱ፦ ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ፀሐይ ካልወጣች ከውሃው ሲወጡ ነው ብርዱ። እንደጠባ ወዲያው አይግባ። ተራው ዳይፐር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ የዋናውን ይዛችሁ ሂዱ። ውሃ ውስጥ የምንቆየው 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከንፈሩ ከጠቆረ ከዚያም በፊት እንወጣለን። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግን ልጅ የሚያስተኙበት የለውም። ወለሉም ይቀዘቅዛል። እዚያ የምትሠራዋ እናት ሁልጊዜ ወንበሯን እየለቀቀች ጋቢ ታነጥፍልን ነበር። እሷንም እግዜር ይስጥልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻ ቀናችን ነበር። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ገንዳው ውስጥ ከተተች።

«እማማ፣ ቀጣዩ ተራ የእርስዎ ነው» አለቻት አሰልጣኟ።

«እኔስ ጠበሉ ይበቃኛል» አለች እናቴ። እግሯን ግን አላወጣችም።

የአሰልጣኟን ስም ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ ስለሆነች ባታነሳ አትቀየሟት።