የኒም ዘይት በማንጎና በብርቱካን ዛፎች ላይ፦ የሁለት ወቅት ሙከራ

ባሕር ዳር በሚገኘው ግቢዬ ሦስት የማንጎና ሁለት የብርቱካን ዛፎች አሉኝ። ከአንድ የግብርና ግብዓት መሸጫ ግማሽ ሊትር የኒም ዘይት የገዛሁት የማንጎዎቹ ቅጠል ዱቄት የተነፋበት ሲመስል ነበር። ነጩ ነገር በአገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው የማንጎ ነጭ ስኬል የተባለ ጥቃቅን ተባይ ነው፤ የቅጠሉን ፈሳሽ እየመጠጠ ያደርቀዋል፣ በፍሬው ልጣጭ ላይም ሮዝማ ነጠብጣብ እየተወ ገበያ ያሳጣዋል።

የዘይቱን ጥቅም መመዘን የሚቻለው አሠራሩ ሲታወቅ ነው። በኒም ዘር ውስጥ የሚገኘው አዛዲራክቲን ተባዩን ወዲያው አይገድልም፤ ቅጠሉን የቀመሰው ተባይ መብላት ያቆማል፣ ጨቅላው ደግሞ ቆዳ የሚያስቀይረው ሆርሞን ስለሚዛባበት ሳያድግ ይቀራል። ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሃይንሪሽ ሽሙተረር በ1959 እ.ኤ.አ. ሱዳን ውስጥ የአንበጣ መንጋ አካባቢውን ሲያራቁት የኒም ዛፎችን ግን ሳይበላ እንደተዋቸው ማስተዋላቸው ለብዙ ምርምር መነሻ ሆኗል። ስለዚህ በማግስቱ የሞተ ተባይ መፈለግ ትርፉ ተስፋ መቁረጥ ነው።

በብርቱካኖቹ ላይ ያገኘሁት ውጤት በእውነት አስደስቶኛል። በየሰባት ቀኑ ሦስት ጊዜ ከረጨሁ በኋላ ለጋ ቅጠሎችን ይጠቀልል የነበረው ክሽክሽ በግልጽ ቀነሰ፤ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ግንዱን ይወጡ የነበሩ ጉንዳኖችም ጠፉ። ማንጎው ላይ ግን ነገሩ ከባድ ነበር፤ ጎልማሳዋ ስኬል በሰም መሰል ክዳን ስለምትሸፈን ርጭቱ በቀላሉ አይደርስባትም፣ የሚጎዳው ገና ክዳን ያላበጀውን ጨቅላ ነው። በሁለተኛው ወቅት ክፉኛ የተጠቁትን ቅርንጫፎች አስቀድሜ ቆርጬ ካቃጠልሁ በኋላ ስረጭ ነው ለውጥ ያየሁት።

የማልስማማው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው «የፍራፍሬ ዝንብን ያጠፋል» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ነው። ዝንቧ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ስለምትጥል ትሉ የሚያድገው ፍሬው ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ የተረጨ ዘይት አያገኘውም፤ የመጀመሪያው ወቅት ማንጎዬም ትል በልቶት ቀርቷል። ለምሥራቃዊው የፍራፍሬ ዝንብ የተሻለው በአንዳንድ የበሶብላ ዝርያዎች ውስጥም የሚገኘው፣ ወንዱን የሚስበው ሜቲል ዩጂኖል የተቀመጠበት ወጥመድ ሲሆን፣ የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ እየለቀሙ በላስቲክ አስሮ ፀሐይ ላይ ማቆየትም ግድ ነው። ጽሑፉ የአዛዲራክቲኑን መጠንም ሆነ የተመረተበትን ቀን አይገልጽም፤ ይህ ለገዢ ትልቅ ጉድለት ነው።

ዘይቱ በቀዝቃዛ ጠዋት ስለሚረጋ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ ለአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ዘይትና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ በደንብ በመበጥበጥ በዚያው ዕለት እጨርሰዋለሁ። የፀሐይ ብርሃን አዛዲራክቲንን ስለሚያፈርስ፣ በቀትር የተረጨ ዘይትም ቅጠል ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ንቦችም እንዳይጎዱ የምረጨው አመሻሽ ላይ ነው። ዝናብ ስለሚያጥበው በክረምት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ሕፃናት ከጠጡት ለሕይወት ስለሚያሰጋ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ለብርቱካን ያለ ማመንታት ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ለማንጎ የምገዛው ከቅርንጫፍ ቆረጣ ጋር ለመጠቀም ብቻ ነው። ቀጣዩ ጠርሙስ ግን የአዛዲራክቲን መጠኑና የተመረተበት ቀን የተጻፈበት ካልሆነ አልቀበልም።