«የሊቲየም ግራሶ» ብለው ኮስቲክ ሶዳ ሸጡልኝ

«በትንሽ ካፒታል የራስዎን የግራሶ ፋብሪካ ይክፈቱ» የሚል ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ ከመጣ እለፉት። አሁን ነው ከቢሯቸው የወጣሁት። እልሁ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተከራዩት አዳራሽ፣ ግድግዳው ሙሉ ሰርተፍኬት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ «ዶክተር»። አንድ ሰሞን ፈሳሽ ሳሙና፣ ሌላ ሰሞን በረኪና፣ አሁን ደግሞ ግራሶ። ስልጠናው ራሱ ርካሽ ነው። ብሩን የሚበሉት በመጨረሻው ሰዓት «ጥሬ ዕቃውን ከእኛ ካልወሰዳችሁ ፎርሙላው አይሠራም» ሲሉ ነው። እኔ 60 ሺህ ብር ከፍያለሁ።

የሚያናድደኝ ትምህርቱ ውሸት አለመሆኑ ነው። ግራሶ አብዛኛው ዘይት ነው። ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው ሳሙና ነው። ፋቲ አሲድ፣ ማለትም ከዘይት ወይም ከሞራ የሚወጣው አሲድ፣ ከአልካሊ (እንደ ኖራና ኮስቲክ ሶዳ ያለ አሲድ የሚያከሽፍ ነገር) ጋር ዘይት ውስጥ ሲበስል ሳሙና ይሆናል፤ ያ ሳሙና ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያስቀምጠዋል፣ ኩሽኔታው ሲዞር ትንሽ ትንሽ ይለቅለታል። ታዲያ ጨዋታው ያለው የምን ሳሙና ነው የሚለው ላይ ነው። የኖራ፣ ማለትም የካልሲየሙ፣ ውሃ አይፈራም፤ ሙቀት ግን አይችልም፤ የተለመደው ዓይነት 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈሳል። የሶዲየሙ፣ ማለትም ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራው፣ ሙቀት ይችላል፣ ውሃ ከነካው ግን አለቀለት። ሊቲየም ሁለቱንም ይችላል። እስከ 180 ዲግሪ ገደማ አይንጠባጠብም፣ ውሃም በቀላሉ አያጥበውም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከመጣ ወዲህ ገበያውን የያዘው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ «ዶክተሩ» ሰሌዳ ላይ ጽፎ በደንብ አስተምሮናል። ለሊቲየም ግራሶ የሚሆነው አሲድ ከጉሎ ዘይት እንደሚወጣ ሲነግረን ደግሞ «ጉሎ እኮ በየጓሯችሁ አለ!» አለና አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥሎ የቆርቆሮ ሳህን ምድጃ ላይ ጣደ። በአንድ በኩል ከገበያ የተገዛ ርካሽ የኖራ ግራሶ፣ በሌላ በኩል የራሱን አስቀመጠ። ርካሹ ቀለጠና ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። የሱ ንቅንቅ አላለም። «ይሄ ነው ሊቲየም!»

ልብ በሉ። ያ ፈተና የሶዲየም ግራሶም የሚያልፈው ፈተና ነው። የሚወድቀው ውሃ ላይ ነው። ውሃ ደግሞ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከመጠጫው በስተቀር አልነበረም።

ጥሬ ዕቃውን በጆንያና በፌስታል አስረው ሰጡን። «ሊቲየሙ» ወፍራም ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ በማርከር «ሊ» ተብሎ ተጽፎበታል። የአስመጪ ስም የለ፣ የፋብሪካ ምልክት የለ። ነጭ ነው። ኮስቲክ ሶዳም ነጭ ነው። ሚዛንም አይለያቸውም። ለአንድ ኪሎ የጉሎ አሲድ የሊቲየም ሃይድሮክሳይዱ 140 ግራም ገደማ ይገባል፤ በኮስቲክ ቢተካ 133 ግራም ነው የሚፈልገው። ሰባት ግራም ልዩነት! እና ፎርሙላው እንደተጻፈው ይሠራል። ድስቱ አረፋ ይይዛል፣ ይወፍራል፣ ግራሶ ይሆናል።

ሆነም። ብቻ በጣት ሲያነሱት እየተሳበ ክር ይሠራል። ስደውል «ማቀዝቀዙ ላይ ቸኩለሽ ነው» አሉኝ። ስቲከር አሳትሜ «ሊቲየም ግራሶ» ብዬ ለጥፌ ለአንድ ጋራዥ ናሙና ሰጠሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ እዚያ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ አንድ ሚኒባስ ላይ እንኳን ከመሙላታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ቀቡት፣ ከባንቧው ውሃ ጠብ አደረጉበትና አሹት። ነጥቶ በጣቶቻቸው መሀል ወረደ። «ልጄ፣ ይሄን የፊት እግር ኩሽኔታ ውስጥ ከትቼ በክረምት ሰው ላሳፍርበት?» አሉኝ። ያን ስቲከር ለጥፌ ብሸጠው ኖሮ አታላይዋ እኔ ነበርኩ።

የጎረቤታችን ልጅ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ከፌስታሉ ቆንጥሮ በንጹህ የብረት ሽቦ ጫፍ የጋዝ እሳት ላይ አስገባው። ሊቲየም ቢሆን እሳቱ ደማቅ ቀይ ይሆናል። የእኔው ቢጫ ሆነ፣ ያውም ድምቅ ያለ ቢጫ። ሶዲየም። ስኒ ሳህን ላይ ክፍቱን የተወው ደግሞ እርጥበት ስቦ አልቦ ነበር፤ ኮስቲክ እንደዚያ ነው አለኝ።

እንግዲህ ዛሬ ሄድኩላችሁ። ጸሐፊዋ ስልኳን ሳትለቅ «ቀጠሮ አለሽ?» አለችኝ። ሳልከፍል በፊት ወንበር ስባ «ሻይ ይምጣልዎ ወይስ ቡና?» ያለችኝ ይቺው ራሷ ናት። አስጠብቃ አስጠብቃ «ዶክተሩ» ወጣ። የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ይዤ ነበር። ግራሶውን በማንኪያ ጨመርኩ፣ ክዳኑን አጥብቄ ወዘወዝኩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ውሃው ነጥቶ አረፋ ያዘ።

«እሺ?» አለኝ።

«ይሄ ሊቲየም አይደለም።»

«ማን ሊቲየም ነው አለሽ?»

ወገኖቼ፣ ስልጠናው ላይ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የወጣው ሌላ ቃል አልነበረም። ደነገጥኩ። «ፎርሙላውን ይዘሻል?» አለኝ። ይዣለሁ፤ በላሜኔሽን አድርገው ነው የሰጡን። ከጋዋኑ ኪስ እስክሪብቶ አወጣና ሦስተኛው መስመር ላይ ሊያሰምርበት ሞከረ። ላሜኔሽኑ አልጽፍ አለው። በጥፍሩ አሳየኝ። «አልካሊ ሃይድሮክሳይድ» ይላል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሊቲየም የሚል የለበትም። አንድም ቦታ።

«ሶዲየምም አልካሊ ነው፣ ሊቲየምም አልካሊ ነው። ይሄን እኮ አስተምሬሻለሁ» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ «ደግሞ ማን ነው መኪናውን ውሃ ውስጥ የሚነዳው?» ሁለቱም ሳቁ። ይህን የሚለኝ በሐምሌ ነው። በመስኮቱ መንገዱ ይታያል፤ ታክሲዎቹ ግማሽ ጎማቸው ጎርፍ ውስጥ ነው።

ደረሰኜን አወጣሁ። እሱንም ጸሐፊዋ ተቀብላ አነበበችልኝ፣ ጮክ ብላ፣ ወረፋ የሚጠብቁት እስኪሰሙ፦ «የስልጠናና የማማከር አገልግሎት።» 60 ሺህው በሙሉ። «ስልጠናውን ወስደሻል አይደል?» አለችኝ። ስለ ፌስታሉ ስጠይቃት «እሱ ስጦታ ነው» አለች። ስጦታ! ብልቃጤን እንኳን «ጠረጴዛውን ያበላሽብናል» ብላ በሶፍት ይዛ መለሰችልኝ።

ወደ አዳራሹ ደግሞ አዲሶቹ ሰልጣኞች እየገቡ ነበር። አንዱን ልጅ ክንዱን ይዤ ልነግረው ስል ጥበቃው «እናቴ፣ በሩን አይዝጉ» ብሎ ወደ ደረጃው መራኝ።

የቀረኝ ኮስቲክ ለፈሳሽ ሳሙናዬ ይሆናል፤ ግን ኮስቲክን በሊቲየም ዋጋ ነው የገዛሁት። ሌላ ኪሳራም አለ፣ ድስቱ፣ ጋዙ፣ ስቲከሩ፤ እሱን ተዉት።

ለማንኛውም፣ የግድ እገባበታለሁ የምትሉ ካላችሁ፦ ፋብሪካው ካሸገው ከረጢት ውጪ አትግዙ። የኬሚካሉ ሙሉ ስም ደረሰኙ ላይም ፎርሙላው ላይም በፊደል ይጻፍ። ሽቦና የጋዝ እሳት ደግሞ ምንም አያስወጣም። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ እነሱ አይሰጧችሁም፣ ትኩስ ዘይት ላይ አልካሊው የሟሟበት ውሃ ሲገባ ድስቱ ገንፍሎ ይወጣል።

ቅዳሜ አዲስ ዙር ይጀምራሉ። ማስታወቂያው ላይ ሰርተፍኬት ይዘው ከቆሙት ውስጥ ከቀኝ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ፎቶዬን አውርዱት ብዬ ነበር። «ፈርመሻል» አሉኝ።