በባሕር ዳር ያገኘሁት የሞተር ጥቅለላ ቤት

መርዓዊ ያለው የቤተሰባችን ወፍጮ የሚዞርበት ባለ 15 ኪሎዋት ሞተር ባለፈው ጥር ሲቃጠል፣ መጀመሪያ የወሰድነው ቅርብ ወዳገኘነው የሞተር ሽቦ ጠቅላይ ነበር። በሁለት ቀን ደረሰልን፤ ሆኖም በቆሎ ሳይጨመርበት ባዶውን ሲዞር እንኳ 17 አምፔር ይስብ ነበር፣ ሰዓት ሳይቆይም እጅ የማያስነካ ይሆናል። ምክንያቱን የነገረን ባሕር ዳር ያለ ሌላ የጥቅለላ ቤት ነው።

ባለሙያው ስታተሩን፣ ማለትም ሽቦው የሚጠቀለልበትን የማይዞረውን የሞተር ክፍል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ አሮጌው ሽቦ በመሮና በመዶሻ ሲወጣ የላሜራዎቹ (ተደራርበው ስታተሩን የሚሠሩት ስስ ብረቶች) ጥርሶች እንዴት እንደተጣመሙ አሳየኝ። ሽቦው አዲስ ነው፤ የተጎዳው ብረቱ ነው። ላሜራው በውስጡ ጥቃቅን የማግኔት ክልሎች ስላሉት፣ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ የክልሎቹ ድንበሮችም አብረው መንቀሳቀስ አለባቸው፤ የተቀጠቀጠ ብረት ውስጥ የሚቀረው ውጥረት ግን ድንበሮቹን አንቆ ስለሚይዝ፣ ያንኑ ያህል ማግኔት ለማግኘት ተጨማሪ አምፔር ይጠይቃል፣ የሚባክነው ኃይልም ሙቀት ይሆናል። ብረት ማግኔት ሲሆን ርዝመቱ በጥቂቱ እንደሚለወጥ ጄምስ ጁል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842፣ ጫና ደግሞ በተራው የማግኔት ጠባዩን እንደሚለውጥ ጣሊያናዊው ኤሚሊዮ ቪላሪ በ1865 አሳይተዋል። ከመንገድ ዳር ትራንስፎርመር የምንሰማው ጉምጉምታ በአብዛኛው የዚህ የርዝመት መለዋወጥ ድምፅ ነው።

ጥርሶቹን በፒንሳ ማቅናት መልካቸውን እንጂ ጠባያቸውን እንደማይመልስ፣ ውጥረቱን ለመፍታት ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት እንደሚያስፈልግና ይህም በእነርሱ ምድጃ እንደማይሞከር ሳይሸፋፍን ነገረኝ። ይህን ቅንነት ከሁሉም በላይ አከብራለሁ፤ ዝም ብሎ እንደገና ጠቅልሎ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበርና። በምትኩ ተመሳሳይ አሮጌ ስታተር ፈልጎ አመጣ፤ የሽቦውን ጫፍ ቆርጦ፣ ሙቀቱ ከ360 ዲግሪ እንዳያልፍ በሚቆጣጠሩት ምድጃ አለስልሶ፣ መዶሻ ሳያነሳ እየሳበ አወጣው። ተጠቅልሎ ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ ባዶውን ሲዞር ክላምፕ ሜትሩ (የአምፔር መለኪያው) 11 አምፔር አነበበ።

ሥራው 11 ቀን ፈጅቷል፤ እህል በሚበዛበት ወር ወፍጮ ለቆመበት ቤት ይህ ከባድ ነው። ዋጋውም ከመጀመሪያው እጥፍ ገደማ ነበር። ልኬቱን በደረሰኙ ላይ ጽፈው አለመስጠታቸው ደግሞ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው፤ ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ሞተሩን ከመረከባችሁ በፊት ባዶውን አስዙራችሁ በሦስቱም ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) አስለኩ፣ ቁጥሩንም በእጃችሁ ጻፉ።